የማይተኛ ጤፍ ወይስ የአባቴ ወገብ፣ የቱ ይቅደም? (ፊዚዮቴራፒ ወይም የጤፍ ዘር የሚያውቅ ካለ)

ምንጃሬው

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሁለት ይመስላል ለኔ ግን አንድ ነው፣ ስለዚህ ለየብቻ ለጥፈው እንዳትሉኝ። አባቴ ምንጃር የጤፍ ገበሬ ነው፣ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቷል። ባለፈው ኅዳር አጨዳ ላይ ወገቡን ያዘው፣ ከዛ በኋላ ህመሙ በግራ ቂጡ ወርዶ እስከ ባቱ ይደርሳል ይላል፣ ጠዋት ሲነሳ ጫማ ማሰር እንኳን መከራ ነው። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ወሰዱትና አሸው፣ ትንሽ ቀለል አለውና መልሶ ያዘው። ከዛ እኔ አዲስ አበባ አምጥቼ አንድ ሆስፒታል ኤምአርአይ አስነሳሁት፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው "ዲስኩ ወጣ ብሏል" አለና ፊዚዮቴራፒ ጽፎ አሰናበተን።

ከዛን ቀን ወዲህ አባቴ "ዲስኬ ወጥቷል" እያለ መደብ ላይ ተኝቶ ነው የሚውለው። አሁን የእርሻ ሰዓት ደርሶ ወንድሜ በሬ ሲጠምድ እሱ ከደጅ ሆኖ ማዘዝ ብቻ ነው፣ ይሄ ደግሞ ከህመሙ በላይ እያናደደው ነው። ፊዚዮ እንሂድ ስለው "ማሸት ከሆነ ወጌሻውስ ምን አጠፋ" ይለኛል፣ መልስ የለኝም።

ሁለተኛው ነገር፣ አገር ቤት "አጭር የማይተኛ ጤፍ ወጥቷል ኮምባይነር ያጭደዋል" እየተባለ ይወራል፣ ታናሽ ወንድሜ ያንን ዘር ካገኘን አባባ ሁለተኛ ማጭድ አይነካም ባይ ነው። እኛ የምንዘራው ቁንጮና ማኛ ነው፣ አምና ሊደርስ ሲል ዝናብ መጥቶበት ግማሹ ማሳ ጋሽቦ መሬት ላይ እንደተኛ ነው የታጨደው፣ አባቴ ወገቡ የተያዘውም እዛ ላይ ነው።

እና እውነት እንደዚህ አይነት ዘር አለ? ካለ ለምን እኛ ጋ አልደረሰም? እስከዛውስ ፊዚዮቴራፒው ለውጥ አለው ወይ? በሳምንት ሦስቴ ከምንጃር አዲስ አበባ መመላለስ እንደማይችል ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ሰብሊ_ፊዚዮ

ወንድሜ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ስለ ልምምዱ ከማውራቴ በፊት የግድ የምጠይቅህ ነገር አለ፣ እነዚህን ሳያጣሩ ወገብ ላይ የሚረባረብ ሰው ወጌሻም ይሁን ባለ ነጭ ጋውን አላምንም። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ላይ ችግር አላቸው? መቀመጫቸው አካባቢና ጭናቸው ውስጥ ውስጡን ይደነዝዛቸዋል? በተረከዛቸው ብቻ፣ ቀጥሎ በጣታቸው ብቻ ቆመው መራመድ ይችላሉ ወይስ ግራው እግር ይከዳቸዋል? ሌሊት ትኩሳትና ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝተውም ፋታ የማይሰጥ ህመም አለ? እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ ከብት ያለውና ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴላ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ይዞት ወገቤን ሊል ይችላል፣ ሁለቱም በልምምድ የሚድኑ አይደሉም። ሽንት ማምለጥ ወይ አለመውጣት፣ ወይ እዛ አካባቢ መደንዘዝ ካለ ይሄን ማንበብ ትተህ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

እነዚህ ከሌሉ ዲስኩን እንተወው። ኤምአርአይ ላይ ዲስክ ወጣ ብሎ መታየቱ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ምንም ህመም የሌላቸው የ60 ዓመት ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱ ከ10 ወደ 7 የሚጠጉት ላይ ይሄው ይታያል፣ በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት እንኳን ከ10 ሦስቱ። የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል፣ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። አባትህን አልጋ ላይ ያዋላቸው ዲስኩ ሳይሆን ወረቀቱ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰው "ወጥቷል" ሲባል ብንቀሳቀስ ይበልጥ ይወጣል ብሎ ይፈራላ፣ ማን ይፈርድበታል። መተኛት ግን ድሮ ነበር የሚታዘዘው፣ አሁን ማንም ጤነኛ ባለሙያ አያዝም። ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ነርቩም ትንሽ ንክኪ የማይችል ይሆናል፣ ኋላ ትንሿን ነገር ሲሠሩ ያማቸዋል።

ወጌሻውን በተመለከተ መታሸቱ ህመም ሊያቀል ይችላል፣ እኛም አንዳንዴ እናሻለን። አባትህ ግን ሐሳባቸው ልክ ነው፣ ፊዚዮ ሄደው ሙቀት አድርገውባቸው አሽተው የሚልኳቸው ከሆነ ያው ነው ትራንስፖርቱን አትክሰሩ። ፊዚዮቴራፒ ማለት ሥራቸውን አይቶ ወደዛ ሥራ የሚመልሳቸውን ጭነት በልክ በልክ መጨመር ነው። ስለዚህ ንገረኝ፣ አጨዳ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በትክክል ምንድነው የሚሠሩት? እንዴት ነው የሚቆሙት፣ ስንት ሰዓት ሳያቋርጡ፣ ነዶውን ማን ይሸከማል?

ቆፍጣናው

አቦ እነዚህ ተመራማሪዎች በየዓመቱ "አዲስ ዝርያ ለቀቅን" ይላሉ ቲቪ ላይ ሪቫን ይቆረጣል፣ ገበሬው ማሳ ላይ ያለው ያው ቁንጮ ነው። ስንዴ እንኳን ድሮ አጥሮ አልቆለታል፣ ጤፍ ላይ ሲደርስ ምን ነካቸው? ለአባትህ ልጅ ቅጠርላቸው በቃ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ምን አጨዳ ያስመኛል።

ቢሾፍቱ_ላብ

ቆፍጣናው ጥያቄህ ጥሩ ነው ስድብህን ትቼ ልመልስልህ፣ ሥራዬ ጤፍ ማዳቀል ላይ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ስንዴ ያጠረው ኖሪን 10 ከሚባል የጃፓን ስንዴ በተገኙ ጂኖች ነው፣ ኖርማን ቦርላግ ሜክሲኮ ላይ እነሱን ይዞ ሠርቶ በ1970 እንደ ፈረንጅ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘበት ነው። ስንዴው አጠረ፣ ማዳበሪያ ሲሰጠው ጭንቅላቱ ከበደ አገዳው ግን ቻለው። ጤፍ ላይ ይሄን መድገም ያስቸገረው አንድም አበባው ነው። አንዱ አበባ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፣ የሚከፈተው ጠዋት ከ12:45 እስከ 1:30 ገደማ ነው፣ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ያቺ ሰዓት ካለፈችህ አለቀ። እስከ 1974 እንደ ፈረንጅ ጤፍ በእጅ አይዳቀልም ነበር የሚባለው፣ ዶክተር ታረቀ በርሄ ናቸው የሚከፈትበትን ሰዓት ደርሰውበት መንገዱን የከፈቱት። አሁንም የምንሠራው እንደዛው ነው፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አጎንብሰህ የወንዴውን ክፍል በቀጭን መርፌ ትነቅላለህ፣ ከሌላው ተክል ብናኝ አምጥተህ ትነካለህ፣ ስንት ሠርተህ የሚይዘው ጥቂት። (ሰብሊ የኛን አንገት ደግሞ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን፣ ላቦራቶሪው ውስጥ አንገቱን የማያመው ሰው የለም።)

ሁለተኛ ጤፍ 40 ክሮሞሶም አለው፣ ግን የሁለት የተለያዩ ወላጆች ጂኖም አንድ ላይ ተሸክሞ ነው። ብዙ ጂን በጥንድ በጥንድ አለው ማለት ነው፣ አንዱን ብታበላሸው ሌላው ይሸፍንለታል፣ ስለዚህ አጭር ተክል በአንዴ አይታይህም ሺዎችን ዘርተህ መፈለግ አለብህ። ስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ዘሪሁን ታደለ ቡድን ፀደይ የሚባለውን ዝርያ በኬሚካል ነክሮ እንዲህ በመፈለግ ነው አጫጭሮቹን ያገኘው፣ የአንደኛው ማጠር የመጣው ሴል ውስጥ ቱቡሊን በሚባል ፕሮቲን ላይ በደረሰ ለውጥ ነው። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር አብረው ሠርተው በ2017 እንደ ፈረንጅ ተስፋ የሚባል ዝርያ ተለቋል፣ አንደኛው ወላጁ አጭሩ ነው ሌላው አገዳው ወፈር ያለው ቀይ ሙሪ። ስለዚህ ምንጃሬው፣ ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ግን "ኮምባይነር ያጭደዋል" የሚለው ላይ ተረጋጉ፣ ሺህ የጤፍ ፍሬ ብትመዝን አንድ ግራም አትሞላም፣ ማሽኑ በደንብ ካልተስተካከለ ፍሬው ከገለባ ጋር ይነፍሳል። ኮምባይነር ገብቶ ያጨደበት ማሳ አይቻለሁ፣ ገበሬው ፍሬው ላይ ብዙም አልተከራከረም ጭዱ ሲበታተን ነው ያለቀሰው።

ገበሬው አጭሩን የማይወደውም በዚሁ በጭዱ ነው፣ ጭድ ማለት የበሬው ቀለብ ነው፣ ቤት መምረጊያ ነው፣ ሲሸጥም ብር ነው። ቁንጮ በ2006 እንደ ፈረንጅ ሲለቀቅ ለምን እንደ እሳት ተስፋፋ? የማኛን ንጣትና ዱከም የሚባለውን ዝርያ ምርታማነት አንድ ላይ ስለያዘ፣ ገበያው ላይ ነጭ ጤፍ ነው ዋጋ ያለው። ይጋሽባል፣ እናውቃለን፣ ገበሬውም ያውቃል፣ ግን ዋጋው ያስረሳዋል።

ሮተርዳም_ነኝ

እኔ እዚህ ሆላንድ ነው ያለሁት፣ ስለ ጤፍ ሲነሳ ያ የሆላንድ ኩባንያ ጤፍን ፓተንት አድርጎ የነበረው ነገር ደሜን ያፈላዋል፣ እግዜር ይስጠው በ2018 እንደ ፈረንጅ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው።

ወደ ወገቡ ልመለስ፣ እኔ መጋዘን ስሠራ ወገቤን ይዞኝ እዚህ ፊዚዮ ሄጄ ነበር፣ ሰውየው አንዴም ሳይነካኝ "ተነስ ተቀመጥ፣ ይሄን ዕቃ አንሳ አስቀምጥ" ሲለኝ ተናድጄ ወጣሁ፣ ኢንሹራንሴን የበላ ሌባ ነበር ያልኩት። ሚስቴ ናት ጎትታ የመለሰችኝ። በመጨረሻ የሚያስነሳኝ ካርቶን ክብደት ሥራ ቦታ ከማነሳው ጋር እኩል ሲሆን ገባኝ፣ ህመሙ መቼ እንደሄደ እንኳን አላስተዋልኩም። ለአባትህ እሱን ንገረው።

ምንጃሬው

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ እንዲህ የሚመልስ አለ ብዬ አልጠበቅኩም። ሰብሊ ደውዬ አንድ በአንድ ጠየቅኩት፣ ሽንቱ ደህና ነው፣ ትኩሳት የለም፣ ክብደቱም ያው ነው፣ በተረከዝም በጣትም ይሄዳል (እናቴ አይታ እየሳቀች ነው ያረጋገጠችልኝ)። ወተት ግን ጥሬውን ይጠጣል፣ እሱን እንዴት ልተው አለኝ።

አጨዳውን ለጠየቅሽው፣ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይጀምራሉ፣ ጤዛ ሲኖር ፍሬው አይረግፍምና። ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ ጭብጥ ይይዛል በቀኙ ማጭድ ያስገባል፣ እየተራመደ እንደጎበጠ እስከ ረፋድ አይቃናም፣ ደቦ ከሆነ ደግሞ ዘፈኑም እልሁም አለ ማን ቀድሞ ይቃናል ነው። የተኛው ጋ ሲደርስ የተቆላለፈውን በግራ እጁ ወደ ላይ እየመነጨቀ ነው የሚያጭደው። ከሰዓት ነዶ መሸከምና መከመር። ውቂያ ሲያልቅ ኩንታል በትከሻው ያወጣል፣ ልጅ እያለ አይደለም አምና!

ቆፍጣናው ልጅ ቅጠር ያልከው፣ አንተ ና ጠይቀው እስቲ።

ሰብሊ_ፊዚዮ

ይሄን ነበር የፈለግኩት፣ ኤምአርአዩ ያልነገረኝን ነገርከኝ። ወተቱን ያፍሉት፣ ድርድር የለውም፣ ለብሩሴላ ደም ምርመራ ደግሞ ቅርባቸው ያለ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ጠይቅላቸው።

በእንግዲህ አሁን ግንቦት ነው አጨዳው ኅዳር፣ ስድስት ወር ጊዜ አለን፣ ለኔ ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ መነሳት። ደልደል ባለ መሬት አሥር አሥር ደቂቃ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይሂዱ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። ከዛ በሆዳቸው ተኝተው ወገባቸውን ለቀቅ አድርገው በክንዳቸው ደረታቸውን ቀና ያድርጉ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራቴ። እዚህ ላይ የምትከታተለው ህመሙ የት እንዳለ ነው፤ ባታቸው ላይ የነበረው ወደ ቂጥ፣ ከቂጥ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ወገባቸውን ትንሽ ቢያማቸውም እሰየው ይቀጥሉ። ወደ ታች ወደ እግር ጣት ከሄደ ያቁሙና ንገረኝ። የዳይክሎፌናክ መርፌ በየጊዜው የሚወጉ ከሆነም ይቅር፣ ጨጓራና ኩላሊት ላይ ነው ሂሳቡን የሚያወራርደው።

ሁለት ሦስት ሳምንት እንደዛ ሄደው ከተመቻቸው ወደ ሥራው እንጠጋለን። ዱካ ላይ ቁጭ ብድግ፣ እጅ ሳይደግፉ። ከዛ ዱላቸውን በጀርባቸው ላይ ቁመቱን ይያዙት፣ ማጅራታቸውን፣ መሐል ጀርባቸውንና ቂጥ አጥንታቸውን እንደነካ ቂጣቸውን ወደ ኋላ እየገፉ ጎንበስ ይበሉ፣ ዱላው ከሦስቱ ቦታ ከለቀቀ ያጎነበሱት በወገብ ነው። ሐምሌ ላይ ግማሽ የሞላ ጀሪካን፣ ጳጉሜ ላይ ሙሉ። ጎንበስ ማለት ክልክል ነው የሚል ፊዚዮ ካጋጠማችሁ ጤፍ አጭዶ አያውቅም ማለት ነው፣ ክልክል አይደለም፣ ሳይለማመዱ ከጠዋት እስከ ረፋድ አለመቃናት ነው ችግሩ።

አጨዳ ላይ ደግሞ አንድ ጉልበት መሬት አንድ ጉልበት ላይ፣ ከሥር ማዳበሪያ አጥፈው ያድርጉበት፣ ትንሽ ሄደው ጉልበት ይቀይሩ። ግማሽ ሰዓት ባጨዱ ቁጥር ተነስተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ ቀና ይበሉ። መጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ። ኩንታሉን በሁለት ከፍለው ለሁለት ሰው።

ሆስፒታል መመላለሱን በተመለከተ አንዴ ብቻ ጥሩ ፊዚዮ ጋ ውሰዳቸውና የቤት ፕሮግራም ስጡን በል፣ ሲያሳዩአቸው በስልክህ ቅረጽ። ኋላ ወር ጠብቆ አንዴ መታየት ይበቃል።

ቢሾፍቱ_ላብ

ሰብሊ የጻፈችውን እያነበብኩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምንጃሬው አጨዳውን ስትገልጽ የተኛውን "እየመነጨቀ" ያልከው ላይ። ማጭዱ የሚገባው ሁሌም ከሥር ነው፣ ለጭዱ ሲባል። ስለዚህ ጤፉ አጠረም ረዘመም የአባትህ ጎንበስ ያው ነው፣ ወገቡን የጨረሰው የተቆላለፈውን በአንድ እጅ መሳቡና መጠማዘዙ ነው። አጭሩ ዘር ዘንድሮ ባይመጣም መጋሸቡን መቀነስ ግን ዘንድሮ ይቻላል፣ ወንድምህ ላይ ነው ያለው።

ስንት ኪሎ ነው የምትዘሩት? አብዛኛው ገበሬ ለሄክታር 25፣ 30 ኪሎና ከዛም በላይ ይበትናል፣ ሲጠቀጠቅ አገዳው ብርሃን ፍለጋ ይሳባል፣ ይቀጥናል፣ ይተኛል። ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይበቃ ነበር፣ ማሳው በደንብ ከለሰለሰና አረሙ ከተጠበቀ። በመስመር ዝሩ ሲባል ሰምታችኋል፣ ዘር ይቆጥባል፣ አገዳውም ይጠነክራል፣ ግን በእጅ ከሆነ እሱም ራሱ ሌላ የጎንበስ ሥራ ነው፣ አባትህ አይግባበት። ዩሪያውን ደግሞ በአንዴ አታፍስሱ፣ ከፍሎ መስጠት ነው። አምና ብዙ ዩሪያ ያገኘው ጥግ ነው አይደል ቀድሞ የተኛው?

ቆፍጣናው ለምን አይደርስም ላልከው፣ ካዳቀልን በኋላ ዘሩ እስኪረጋ ስድስት ሰባት ትውልድ እናሳልፋለን፣ በመስኖ በዓመት ሁለቴ ብንዘራ እንኳን ዓመታት ነው፣ ቀጥሎ የተለያየ ቦታ ሙከራ፣ ቀጥሎ ዝርያ የሚያጸድቀው ኮሚቴ ማሳ ድረስ ሄዶ ያያል። ከተለቀቀ በኋላ የሚያባዛው ሲጠፋ ደግሞ ዘሩ ማዕከሉ ውስጥ ይቀራል፣ እዚህ ላይ ወቀሳህን እቀበላለሁ። ምንጃሬው፣ ወንድምህ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለሙከራ የሚሆን ዘር ለደብረ ዘይት ማዕከል ይጠይቅልን ይበል፣ በቡድን ሆነው ከጠየቁ ይሻላል። ሩብ ጥማድ ላይ ብቻ ሞክሩት፣ ቁንጮውን አትንኩት።

ምንጃሬው

አምና ቀድሞ የተኛው በትክክል ዩሪያ የበዛበት የወንዙ ዳር ነው፣ ማን ነገረህ 😂። ለአባቴ ዘሩንም ዩሪያውንም ቀንሱ ተባለ ስለው "ዩሪያውን የምቀንሰው መጀመሪያ በሰዓቱ ሲመጣ ነው" አለኝ። በዘሩ ላይ ግን ከወንድሜ ጋር እየተጨቃጨቁ ነው፣ አንዱን ጥማድ በ15 ሂሳብ እንበትነዋለን ሌላውን እንደ ልማዳችን እንዲያ ነው የተስማሙት።

በሆድ ተኝቶ የሚሠራውን ልምምድ ጀምሯል፣ ሕዝብ እንዳያየው ጓዳ ገብቶ ነው የሚሠራው። ባቱ ላይ ያለው ህመም ትንሽ ወደ ላይ ሸሸ ይላል። የዱላውን ነገር ግን እናቴ ሞክራው ጉልበቷን ሳታጥፍ አልሆን አላት፣ ይታጠፍ ወይስ ቀጥ ይበል ሰብሊ?

ሰብሊ_ፊዚዮ

ወደ ላይ መሸሹ በጣም ጥሩ ነው ይቀጥሉ። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ፣ እንደ መቀመጥ ግን አይሁን፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ቂጥ ነው። የዱላውን ለአባትህ ገና ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይለፍ፣ ሲጀምሩ ከጎን በኩል ቅረጽና ላክልኝ። እናትህም ይቀጥሉበት፣ አረም የሚያርሙት እሳቸው አይደሉ?